ከቆርኪና ከእቁብ ዕጣ ተነሥቶ ፕሮባቢሊቲንና ስታቲስቲክስን ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ማስተማር

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሂሳብ የማስተምረው በደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በአንድ ክፍል 60 ገደማ ተማሪ ይቀመጣል፤ ለሥራችን የምንጠቀመውም ወረቀት፣ ሳንቲም፣ ቆርኪና ካርቶን ነው። ይህን የምጽፈው በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ላሉ መምህራንና ልጆቻቸውን በቤት ለሚያስጠኑ ወላጆች ነው። በማስተማር ያጸናሁት አቋም አንድ ነው፤ ተማሪው ግምቱን በጽሑፍ ሳያሰፍርና በእጁ ሳይቆጥር የፕሮባቢሊቲ፣ ማለትም የአንድን ነገር የመሆን ዕድል በቁጥር የመለካት፣ ቀመር ሊሰጠው አይገባም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ስለ ዕድል የራሱን ጽኑ እምነት ይዞ ወደ ክፍል ይገባል፤ እምነቱ ከተጨባጭ ቁጥር ጋር ፊት ለፊት ካልተገናኘ ቀመሩን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል እንጂ አስተሳሰቡ አይለወጥም።

በመማሪያ መጽሐፎቻችን ውስጥ የመረጃ አያያዝና የፕሮባቢሊቲ ምዕራፎች የሚገኙት መጨረሻ አካባቢ በመሆኑ፣ ግንቦት ሲደርስ ጊዜው ያጥርና ምዕራፉ በሁለትና በሦስት ክፍለ ጊዜ ተሩጦ ይታለፋል፤ አንዳንዴም ከነአካቴው ይቀራል። እኔ ምዕራፉን እስከ ግንቦት አላቆየውም። የመረጃ መሰብሰቡን ሥራ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ክፍልፋይንና መቶኛን በምንከልስበት ወቅት እጀምረዋለሁ። ክፍልፋይ ለብቻው ሲከለስ የሚሰለቹ ተማሪዎች የራሳቸውን ክፍል መረጃ ወደ ክፍልፋይና ወደ መቶኛ ሲለውጡ በትጋት ይሠራሉ፤ ወደ ፕሮባቢሊቲ ስንደርስም አንድን ነገር ቆጥሮ ከጠቅላላው ማካፈል ለእነርሱ አዲስ አይሆንም።

የመጀመሪያው የመረጃ ሥራችን የልደት ወር ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የተወለደበትን ወር በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ አጥፎ ይሰጠኛል። ስም እንዲጻፍ አላደርግም፤ ከዙሪያው የገጠር ቀበሌዎች የሚመጡና የተወለዱበትን ቀን በትክክል የማያውቁ ልጆች ስላሉ በጓደኞቻቸው ፊት እንዲያፍሩ አልፈልግም። እነርሱ ወላጆቻቸው የነገሯቸውን ወቅት ወይም በዓል ይጽፋሉ፤ ለጥምቀት ሰሞን ተወለድሁ ያለ ልጅ ጥር ላይ ይቆጠራል። ወረቀቶቹ ከመከፈታቸው በፊት ግን እያንዳንዱ ቡድን በየወሩ ስንት ልጅ ይገኛል ብሎ እንደሚገምት ደብተሩ ላይ ማስፈር አለበት። አብዛኞቹ 60ን ለ13 ያካፍሉና ለእያንዳንዱ ወር አራት ወይም አምስት ልጅ ይመድባሉ፤ ለጳጉሜንም ጭምር።

ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ይነበባሉ፤ አንድ ተማሪም ሰሌዳው ላይ በጭረት ይቆጥራል። ከቆጠራው በባር ግራፍ ስንስለው የጳጉሜን ባር ወይ ፈጽሞ የለም ወይም ከሁሉም አጭር ይሆናል። «ቲቸር፣ ጳጉሜን ላይ ሰው አይወለድም እንዴ?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል፤ መልሱን ለመስጠት አልቸኩልም። ጥቂት ዝም ስል አንዱ ልጅ ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ መሆኗን ያስታውሳል። እዚህ ላይ ክፍልፋዩ በራሱ ይመጣል፤ የጳጉሜን ድርሻ 5/365 ማለትም 1/73 ሲሆን የሌላው የእያንዳንዱ ወር ድርሻ 30/365 ማለትም 6/73 ነው። ወራቱ 13 ስለሆኑ ብቻ የእያንዳንዳቸው ዕድል 1/13 አይደለም። ከ60 ልጆች ውስጥ በጳጉሜን የተወለደ የሚጠበቀው አንድ እንኳ አይሞላም፤ ልደት በዓመቱ ቀናት ላይ እኩል የተሠራጨ ነው ብለን ብንወስድ 60 ተማሪ ካላቸው 10 ክፍሎች በአራቱ ገደማ የጳጉሜን ልጅ ጭራሽ ላይገኝ ይችላል። የእኛ አቆጣጠር በዚህ ረገድ ለመምህር የተመቸ ነው፤ ዕድላቸው እኩል ያልሆነ ውጤቶችን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ይኸው ግራፍ ሌላም ትምህርት ይሰጣል። ሠላሳ ቀን ያላቸው 12ቱ ወራት በቁመት እኩል አይወጡም፤ አንዱ ወር ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጅ ሲይዝ ሌላው ሁለት ብቻ ሊይዝ ይችላል። ተማሪዎቹ ወዲያው ምክንያት መፈለግ ይጀምራሉ። ሠርግ በጥር ስለሚበዛ ልጅ በጥቅምት ይበዛል ይላሉ፤ ክረምት ላይ ሰው ከቤት ስለማይወጣ ነው የሚልም አይጠፋም። ሐሳባቸውን አላጣጥልም፤ እንዲጽፉት አደርጋለሁ። ከዚያም የሌላውን ክፍል ግራፍ ጎን ለጎን እሰቅላለሁ። እዚያ ረጅሙ ባር ሌላ ወር ላይ ሆኖ ሲገኝ፣ በ60 ሰው መረጃ ላይ የሚታይ ከፍታና ዝቅታ ሁሉ የተለየ ምክንያት እንደማያስፈልገው ያስተውላሉ። የአራት ክፍሎችን መረጃ ስንደምረው ደግሞ የባሮቹ ልዩነት ከቁመታቸው አንጻር እየጠበበ፣ የጳጉሜን ማጠር ግን ባለበት ይጸናል። በአጋጣሚ የመጣውን ልዩነትና በእውነተኛ ምክንያት የመጣውን ልዩነት የመለየት ጉዳይ የስታቲስቲክስ ዋና ሥራ ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ ከስሌቱ በፊት ሐሳቡን መያዝ እንደሚችል በዚህ ሥራ ላይ አይቻለሁ።

ወደ ፕሮባቢሊቲ ስንሻገር የሚገጥመን በጣም ጽኑ እምነት «ወይ ይሆናል፣ ወይ አይሆንም፤ ስለዚህ ግማሽ በግማሽ ነው» የሚለው ነው። ይህን ሐሳብ በሳንቲም መሞገት አይቻልም፤ ሳንቲም ያጸናዋልና። ስለዚህ የምጀምረው በቆርኪ ነው። የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ተወርውሮ ሲያርፍ ወይ አፉ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ይሆናል፤ ውጤቶቹ ሁለት ናቸው፤ የቆርኪው ቅርጽ ግን በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት አይደለም። ለአምስት ለአምስት ተማሪ አንድ ቆርኪ እሰጥና መጀመሪያ ግምታቸውን፣ ቀጥሎ የ50 ውርወራቸውን ውጤት በሰንጠረዥ እንዲመዘግቡ አደርጋለሁ። ቆርኪው ከተመሳሳይ ከፍታ፣ በተመሳሳይ ወለል ላይ መወርወር ይኖርበታል፤ አለዚያ የቡድኖቹን ውጤት መደመር ትርጉም ያጣል። ሲከፈት የተጣመመ ቆርኪ ካልተጣመመው የተለየ ውጤት ስለሚሰጥ ለየብቻው ቢመዘገብ መልካም ነው።

የሁሉም ቡድን ውጤት ሲደመር ከግማሽ ይርቃል፤ ምን ያህል እንደሚርቅ እንደ ቆርኪው ዓይነትና እንደ ወለሉ ይለያያል። በዚህ ጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ የዚህን ቆርኪ ዕድል ሳንወረውር በሐሳብ ብቻ ማወቅ እንችል ነበርን? አንችልም ነበር። ለሳንቲምና ለዳይስ (በስድስት ገጾቹ ከ1 እስከ 6 ለተጻፈበት ኪዩብ) ቅርጻቸውን አይተን፣ እኩል መሆናቸውን አምነን፣ ሳንወረውር ክፍልፋይ መጻፍ እንችላለን፤ ለቆርኪ፣ ለዝናብና ለበሽታ ግን መቁጠር ግድ ነው። በመጽሐፍ ላይ በንድፈ ሐሳብ የሚገኝና በሙከራ የሚገኝ ፕሮባቢሊቲ ተብለው የሚለዩት እነዚህ ናቸው። ትርጉማቸውን ከዚህ ሙከራ በኋላ ስጽፍላቸው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገኝም፤ ከሙከራው በፊት ብጽፈው ግን ለፈተና የሚሸመደዱ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሆነው ይቀሩ ነበር።

ከቆርኪው ቀጥሎ ባለ አንድ ብር ሳንቲም እናነሣለን፤ አንበሳና ሚዛን የተቀረጹበት ስለሆነ ገጾቹን በቀላሉ መለየት ይቻላል። መላው ክፍል ብድግ ይልና እያንዳንዱ ተማሪ ሳንቲም ይወረውራል፤ ሳንቲም ካነሰ ተራ በተራ ይቀባበላሉ። ሚዛን የወጣለት ይቀመጣል፣ አንበሳ የወጣለት ቆሞ ይቀጥላል። ከ60ው 30 ገደማ፣ ከዚያ 15 ገደማ፣ ከዚያ ሰባት ወይም ስምንት እየተባለ በአምስተኛው ዙር ላይ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ቆሞ ይቀራል። ክፍሉ ያጨበጭብለታል፤ ዕድለኛ ነው ይላል። እኔም ስድስተኛው ውርወራ ምን እንደሚሆን ሁሉም ደብተሩ ላይ እንዲጽፍ እጠይቃለሁ። ከፊሉ «አሁንስ የሚዛን ተራ ነው» ይላል፤ ከፊሉ ልጁ ዕድል ስላለው አንበሳ ይደግመዋል ይላል። ግማሽ በግማሽ ነው የሚል ጥቂት ነው። ቀጥሎ የምጠይቀው 60 ሰው ሲጀምር ከመካከላቸው አንድ ወይም ሁለቱ አምስት ጊዜ አንበሳ ማግኘታቸው የሚጠበቅ ነገር አይደለም ወይ የሚል ነው። 60ን በተከታታይ አምስት ጊዜ ለሁለት እንዲያካፍሉት ሳደርግ ወደ ሁለት የሚጠጋ ቁጥር ያገኛሉ። የቆመው ልጅ እጅ ላይ የተለየ ነገር እንደሌለ፣ እርሱ ባይሆን ሌላ ሰው ይቆም እንደነበር የሚገነዘቡት በዚህ ስሌት ነው። ሳንቲሙም ያለፈውን አያስታውስም፤ ስድስተኛው ውርወራ እንደ መጀመሪያው ሁሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

የሳንቲም «ተራ» የሚባለው እምነት አዋቂውንም ይዞ ይኖራል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ የቁማር ቤት ኳስ በቀይ ወይም በጥቁር ቁጥር ላይ በሚያርፍበት የሩሌት መጫወቻ ላይ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጣ፤ ተጫዋቾቹ አሁንስ የቀይ ተራ ነው እያሉ ገንዘባቸውን በቀይ ላይ ሲያስይዙ ብዙ ሀብት አጡ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ ከእርሱ በላይ ግን የጆን ኬሪክን ሥራ ይወዱታል። ኬሪክ በደቡብ አፍሪካ የሚያስተምር የሂሳብ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ለጉብኝት ዴንማርክ ሳለ ጀርመን አገሪቱን ወረረችና በጦርነቱ ዘመን ሁሉ እዚያው በግዞት ቆየ። በግዞት ሳለም አንድ ሳንቲም 10,000 ጊዜ አስወርውሮ ውጤቱን መዘገበ። በመጀመሪያዎቹ 100 ውርወራዎች አንደኛው ገጽ የወጣው 44 ጊዜ ነበር፤ በ10,000ው መጨረሻ ላይ 5,067 ጊዜ ሆነ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጽፌ ረዘም ያለ ጊዜ እንወያይባቸዋለን። በ100 ውርወራ ከግማሹ የነበረው ርቀት 6 ነው፤ በ10,000 ውርወራ 67 ነው። ርቀቱ በቁጥር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በመቶኛ ሲታይ ግን ከ44 ወደ 50.67 መጣ። ስለዚህ ሳንቲሙ የጎደለውን ለማካካስ ብሎ ያደረገው ነገር የለም፤ የውርወራው ብዛት ራሱ ትንሹን መዛባት ከድርሻ አንጻር ኢምንት አደረገው። ይህን ልዩነት የጨበጠ ተማሪ የብዙ ቁጥር ሕግ የሚባለውን ዋና ፍሬ ነገር ጨብጧል። ብዙ መምህራን «በረጅም ጊዜ ይስተካከላል» ብለው ያልፉታል፤ እኔ አባባሉን አልጠቀምበትም፤ ልጁ ይስተካከላል ሲባል የሚሰማው «ሚዛን ዕዳ አለበትና ይከፍላል» የሚል ነውና።

በዚሁ ሰሞን የምሠራው ሌላ ሥራ አለ። ግማሾቹ ቡድኖች ሳንቲም 50 ጊዜ ወርውረው ቅደም ተከተሉን ይጽፋሉ፤ ግማሾቹ ሳይወረውሩ ከልባቸው ፈጥረው የተወረወረ የሚመስል 50 ውጤት ይጽፋሉ። ወረቀቶቹ ያለ ቡድን ስም ይሰጡኛል፤ እኔም የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው የተፈጠረ እንደሆነ ለመለየት እሞክራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል። ከልብ የሚፈጠር ዝርዝር አንበሳና ሚዛንን እየተፈራረቀ ያስቀምጣል፤ አንድ ገጽ አምስት ጊዜ ተከታትሎ መጻፍ ለጸሐፊው የማይታመን ይመስለዋል። በእውነተኛ 50 ውርወራ ውስጥ ግን አምስትና ከዚያ በላይ የተከታተለ አንድ ዓይነት ገጽ መገኘቱ የተለመደ ነው። ተማሪዎቹ ምሥጢሩን ሲያውቁ ይደነቃሉ፤ እኔም ለመረጃ ያለኝን ክብር የምነግራቸው በዚህ አጋጣሚ ነው። ቆጠራው አሰልቺ ሲሆን ሰንጠረዡን ከልብ ፈጥሮ የሚሞላ ቡድን ሁልጊዜ ይኖራል፤ ያልተቆጠረ ነገር እንደተቆጠረ አድርጎ መጻፍ ሥራውን ሁሉ እንደሚያፈርስና ዱካውም እንደሚቀር በዓይናቸው ያዩታል።

በሃይማኖት በኩል ስለሚነሣ ጥያቄ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። «የሚሆነውን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው፤ እኛ እንዴት እናሰላለን?» የሚል ተማሪ በየክፍሉ አለ፤ ጥያቄው ከልብ የመነጨ ስለሆነ በአክብሮት መመለስ ይገባል። እኔ የምለው ይህ ሂሳብ ነገ በአንድ ሰው ላይ ወይም በአንድ ውርወራ ላይ የሚሆነውን አውቃለሁ አይልም የሚል ነው። የሚናገረው ስለ ብዙ ተመሳሳይ ነገሮች ጠቅላላ ሁኔታ ነው፤ ለአንዱ ጉዳይ ደግሞ እውቀታችን ምን ያህል የተወሰነ እንደሆነ በቁጥር ይነግረናል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተማሪ በዚህ መልስ ሲቸገር አላየሁም።

ዳይስን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ዳይስና ካርታ ከቁማር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ልጁ ቤት ሄዶ «ዛሬ ዳይስ ተጫወትን» ሲል ወላጅ ቢከፋው ትክክል ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ለርእሰ መምህሩና ለወላጆች እገልጻለሁ፤ በክፍል ውስጥም ለምንም ነገር፣ ለማስቲካም ለእስክሪብቶም፣ ማስያዝ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ዳይሱን ከካርቶን ቆርጠን በማስቲሽ እንሠራዋለን፤ ይህም የኪዩብ መረብ የሚባለውን የጂኦሜትሪ ትምህርት ያስከልስልናል። በእጅ የተሠራ ኪዩብ ብዙ ጊዜ ሚዛኑን አይጠብቅም፤ መቶ ጊዜ ጥሎ በመቁጠር የተዛባውን ማጣራትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የተጣራውን ብቻ ለቀጣዩ ሥራ እናስቀራለን።

ቀጣዩ ሥራ የፈረስ እሽቅድምድም ነው። ከ1 እስከ 12 ቁጥር የተሰጣቸው ፈረሶች ሰሌዳ ላይ ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ፈረስ ይመርጣል፤ ሁለት ዳይስ ተጥሎ ድምራቸው የሆነው ፈረስ አንድ እርምጃ ይራመዳል። በመጀመሪያው ዙር ቡድኖቹ በሚወዱት ቁጥር ይመርጣሉ፤ 1ን የሚመርጥ ቡድንም አይጠፋም። ጥቂት ጊዜ እንደተጣለ ፈረስ 1 መቼም እንደማይንቀሳቀስ፣ 6፣ 7 እና 8 ደግሞ ከፊት እንደሚመሩ ይታያል። በሁለተኛው ዙር ሁሉም 7ን ይሻማል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ 36ቱን ጥንዶች በሰንጠረዥ እንዲጽፉ የማደርገው ያኔ ነው። እዚህ ላይ የሚገጥመው ዋና እንቅፋት 1ና 2ን ከ2ና 1 ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። አንዱን ዳይስ በቀይ፣ ሌላውን በሰማያዊ እስክሪብቶ ማቅለም ችግሩን በአብዛኛው ይፈታዋል። ሰባት በስድስት መንገድ፣ ሁለትና አሥራ ሁለት ግን እያንዳንዳቸው በአንድ መንገድ ብቻ እንደሚመጡ ሲያዩ የእሽቅድምድሙ ውጤት ይገባቸዋል። በዚህ ነጥብ ላይ የሚቸገር ልጅ ሰነፍ ሊባል አይገባም። ጋሊሊዮም በሦስት ዳይስ ጥሎሽ ድምሩ 10 ከ9 ለምን ትንሽ እንደሚበልጥ የጻፈው ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ግራ በመጋባታቸው ነው፤ ሁለቱም ድምሮች በስድስት የቁጥር ስብስብ ቢመጡም ቅደም ተከተል ሲቆጠር ከ216ቱ 10 በ27፣ 9 ደግሞ በ25 መንገድ ይመጣል።

ለ8ኛ ክፍል ከሁሉ የሚጠቅመው ምሳሌ ግን እቁብ ነው። እቁብ የማይጣልበት ቤት ጥቂት ስለሆነ ዕጣ ማውጣት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። 12 አባላት ያሉት እቁብ እንበል፤ በየሳምንቱ አንድ ስም ይወጣል፤ የወጣለት ከዕጣው ይወጣል። ጥያቄው፦ በመጀመሪያው ሳምንት የመውጣት ዕድልና በሦስተኛው ሳምንት የመውጣት ዕድል እኩል ናቸውን? ተማሪዎቹ ይከፋፈላሉ። አንደኛው ወገን መጀመሪያ ላይ ሰው ስለሚበዛ ዕድሉ ትንሽ ነው፣ እየቆየ ይጨምራል ይላል። ሌላው ቶሎ የሚወጣው ዕድሉ የተሻለ ነው ይላል። በ12 ብጣሽ ወረቀት ዕጣውን ደጋግመን እናወጣና አንድ የተመረጠ ስም በስንተኛው ሳምንት እንደወጣ እንመዘግባለን፤ ቀጥሎ ስሌቱን እንሠራለን። በመጀመሪያው ሳምንት 1/12 ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለመውጣት በመጀመሪያው አለመውጣት ያስፈልጋል፤ ይህም 11/12 ሲሆን ከቀሩት 11 አንዱ መሆን ደግሞ 1/11 ነው፤ ሲባዙ 11ዱ ከ11ዱ ጋር ተጣፍቶ 1/12 ይቀራል። ለሦስተኛው ሳምንት 11/12 ሲባዛ በ10/11 ሲባዛ በ1/10 አሁንም 1/12 ነው። ክፍልፋዮቹ እየተጣፉ ሁልጊዜ ወደ 1/12 ሲመለሱ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ደስታ ይህን ምዕራፍ እንድወደው ያደረገኝ ነው።

የመጀመሪያው ወገን ሐሳብም ፈጽሞ ስሕተት እንዳልነበር ማሳየት ተገቢ ነው። ስምንት ሳምንት አልፎ ስሙ ያልወጣለት ሰው በዘጠነኛው ሳምንት ያለው ዕድል 1/4 ነው፤ በእርግጥ ጨምሯል። ልዩነቱ የሚመጣው ጥያቄው መቼ ተጠየቀ ከሚለው ነው፤ እቁቡ ሳይጀመር የተጠየቀውና መሀል ላይ ከደረሰ በኋላ የተጠየቀው የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንዲት ተማሪ ደግሞ ዕድሉ እኩል ቢሆንም ገንዘቡን ቀድሞ ያገኘ ሰው የበለጠ ዕቃ እንደሚገዛበት፣ ዋጋ በየወሩ ስለሚጨምር የመጨረሻው ሰው እንደሚጎዳ አነሣች። ዕድልና ጥቅም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በተሻለ ማንም አላስረዳኝም።

በስታቲስቲክስ በኩል አማካይን ማስላት ቀላል ነው፤ መረዳት ግን ጊዜ ይፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የአንድ ቤተሰብ አማካይ ብዛት 4.7 ሰው እንደነበረ ስነግራቸው «ነጥብ ሰባት ሰው እንዴት ይኖራል?» ይላሉ። በየቡድኑ የተለያየ ቁጥር ያለው የባቄላ ፍሬ አድላለሁና ማንም ሳይበልጥ ማንም ሳያንስ እንዲካፈሉ እጠይቃለሁ፤ ሲካፈሉ የሚደርሳቸው አማካዩ ነው፤ ፍሬው በትክክል ካልተካፈለ ደግሞ ነጥቡ ከየት እንደመጣ ያያሉ። አማካይ ማንም ቤት ውስጥ ላይኖር የሚችል፣ ሁሉም እኩል ቢሆን ኖሮ የሚደርሰውን የሚናገር ቁጥር ነው።

ሚድያንን፣ ማለትም ቁጥሮች ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለውን፣ የማስተምረው በደመወዝ ነው። በአንድ ድርጅት የአምስት ሠራተኞች ደመወዝ 4,000፣ 4,000፣ 5,000፣ 5,000 እና 6,000 ብር፣ የሥራ አስኪያጁ ደግሞ 60,000 ብር ቢሆን አማካዩ 14,000 ብር ይሆናል፤ ይህን ያህል የሚያገኝ ሰው ግን በድርጅቱ ውስጥ የለም፤ አምስቱም እጅግ ያነሰ ያገኛሉ። ሚድያኑ 5,000 ብር ነው። ድርጅቱ «አማካይ ደመወዛችን 14,000 ብር ነው» ብሎ ማስታወቂያ ቢያወጣ ውሸት ተናግሯል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ክርክሩ እስከ ደወል ድረስ ይቆያል። የመበታተንን ሐሳብ ደግሞ ከተማችን ራሷ ታስተምራለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ቴርሞሜትሩ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ይሞቃል። ከ2 እስከ 22 ዲግሪ የሚወጣና የሚወርድ ቀንና ከ10 እስከ 14 ዲግሪ የሚቆይ ቀን መሀላቸው አንድ ነው፣ 12 ዲግሪ። በመጀመሪያው ዓይነት ቀን ግን ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውርጭ ባቄላውን ያቃጥለዋል። የገበሬ ልጆች ይህን ከእኔ በላይ ስለሚያውቁ፣ አማካይ ብቻውን የማይናገረው ነገር እንዳለ የሚያስረዱት እነርሱ ናቸው።

የአየር ትንበያም እዚህ ላይ ይገባል። በሬዲዮ የሚሰማው የክረምት ትንበያ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ለየብቻ ይናገራል። ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 ከመቶ ነው ተብሎ ዝናቡ ቢያንስ ትንበያው ዋሸ ማለት አይደለም። ትንበያው ትክክል መሆኑ የሚመዘነው 45 ከመቶ የተባሉት ዓመታት ሁሉ ተሰብስበው፣ ከእነርሱ ስንቱ ላይ እንደተባለው ሆነ ተብሎ በመቁጠር ነው።

በመጨረሻ የማነሣው የስፖርት ውርርድ ነው፤ በየሠፈሩ ያሉ የውርርድ ቤቶች ከተማሪዎቻችን ቤተሰብና ከራሳቸው ከታላላቅ ወንድሞቻቸው ገንዘብ እየወሰዱ ስለሆነ ይህን ሳላስተምር ማለፍ አልችልም። ስብከት አላደርግም፤ ስሌት አሠራለሁ። አንድ ሰው የእንግሊዝን እግር ኳስ እጅግ ጠንቅቆ ያውቅና የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤት ከ10ሩ 7 ጊዜ በትክክል ይገምታል እንበል፤ ይህ በእርግጥ ድንቅ ችሎታ ነው። ሁለት ጨዋታ በአንድ ቲኬት ላይ ሲያስይዝ፣ ቲኬቱ የሚያሸንፈው ሁሉም ግምት ሲሰምር ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱንም የማግኘቱ ዕድል 7/10 ሲባዛ በ7/10፣ ማለትም 49/100 ነው፤ በሁለት ጨዋታ ብቻ ከግማሽ በታች ወረደ። በአምስት ጨዋታ ወደ 17 ከመቶ፣ በአሥር ጨዋታ ወደ 3 ከመቶ ይወርዳል። ተማሪዎቹ ማባዛቱን በእጃቸው ሲሠሩ ቁጥሩ በፍጥነት ሲያንስ ያያሉ፤ «ቲቸር፣ ወንድሜ ሁልጊዜ በአንድ ጨዋታ ተበላሁ የሚለው ለዚህ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ ተረድቶታል።

ስለ ክፍል አያያዝና ስለ ፈተና ጥቂት ላክል። 60 ተማሪ ሳንቲም ሲወረውር ጩኸት ይኖራል፤ ለጎረቤት ክፍል መምህር አስቀድሞ መናገርና ከተቻለ ወደ ሜዳ መውጣት ይሻላል። በየቡድኑ አንድ ወርዋሪ፣ አንድ መዝጋቢና አንድ ተቆጣጣሪ ካልተሰየመ ሁሉም ይወረውራል፣ ማንም አይጽፍም። በፈተና ላይ «ሳንቲም ሲወረወር አንበሳ የመውጣቱ ፕሮባቢሊቲ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የሚለካው ነገር ጥቂት ነው፤ ምንም ያልገባውም ልጅ ግማሽ ብሎ ይመልሰዋል። እኔ ከእርሱ ጋር የቆርኪ ሰንጠረዥ እሰጥና 200 ጊዜ ተወርውሮ 124 ጊዜ አፉ ወደ ላይ ሆነ፤ የሚቀጥለው 50 ውርወራ ላይ ስንት ጊዜ አፉ ወደ ላይ ይሆናል ብለህ ትጠብቃለህ፣ ልክ ያን ያህል ካልሆነስ ትገረማለህ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። 31 ብሎ ለጻፈ ሙሉ ነጥብ አልሰጥም፤ 31 አካባቢ እንደሚሆን፣ 28 ወይም 34 ቢመጣ ግን እንደማይገረም በራሱ ቃል ላስረዳ እሰጣለሁ።